ማን ወሰደው?

 

በዚህ ወር በአምዳችን የምናነሣው ጉዳይ ከወትሮው ቀለል ያለ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። በቅርቡ በአንድ ዘመድ ቤት ያገኘናቸው እናት ስለ ልጃቸው አጫወቱን። ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። በትምህርቷ ጎበዝ ናት፤ በቤት ሥራም እናቷን ታግዛለች። ማታ ማታ ግን አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዛ ጥግ ላይ ትቀመጣለች፤ እያነበበችም ብቻዋን ትስቃለች። እናት ነገሩ ግራ ቢገባቸው አንድ ቀን መጽሐፉን ተቀብለው አገላበጡት። ሽፋኑ ላይ የሻይ ስኒ፣ ከስኒው አጠገብ የተኛች ድመት፣ ከድመቷ ኋላ ደግሞ ቢላዋ ተሥሎበታል። "ስለ ምንድን ነው የሚያወራው?" ብለው ሲጠይቋት፣ "አንድ ሰውዬ በመርዝ ተገድሎ፣ አንዲት አሮጊት ገዳዩን ስትፈልግ ነው" አለቻቸው። ይህን ሲነግሩን ፊታቸው ላይ እውነተኛ ጭንቀት ይነበብ ነበር። "እንዲያው ንገሩኝ፣ ሰው ሞቶ እንዴት ይሳቃል?" አሉን።

ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም ቸኩለን አልመለስንላቸውም። ምክንያቱም እኛ ራሳችን የዚህን ዓይነት መጻሕፍት እናነባለን፤ እውነቱን ለመናገር እንወዳቸዋለን። አንድ ሰው የሚወደውን ነገር ለምን እንደሚወደው ሳያውቅ ለሌላው ቤት ምክር ሊሰጥ አይገባውም። ስለዚህ ወደ ቤታችን ተመልሰን ነገሩን ከሥሩ ልናስብበት ፈለግን። ያሰብነውንም ለእኒያ እናትና ለእናንተ እነሆ እንላለን።

መጻሕፍቱ ምን ዓይነት ናቸው?

እንግሊዞች የዚህን ዓይነት ልቦለድ "ኮዚ" ይሉታል። ቃሉ በብርድ ጊዜ ከምድጃ አጠገብ ተቀምጦ ትኩስ ነገር የሚጠጣ ሰው የሚሰማውን ሙቀትና ምቾት የሚገልጽ ነው። ወንጀልና ምቾት እንዴት አብረው ይሄዳሉ ትሉ ይሆናል። ሚስጥሩ ታሪኩ በሚነገርበት መንገድ ላይ ነው። ቦታው አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ መንደር ነው፤ ሁሉም ሰው ሁሉንም ያውቃል። መርማሪው ጠመንጃ የታጠቀ ፖሊስ ሳይሆን እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለ ተራ ሰው ነው፤ ጡረታ የወጣች መምህርት፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ የመጻሕፍት ቤት ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ግድያው ከመጋረጃ በስተጀርባ ይፈጸማል እንጂ ደሙ በአንባቢው ፊት አይፈስም። ጸያፍ ንግግርና የመኝታ ቤት ወሬም በአብዛኛው የለበትም። በመጨረሻም ጥፋተኛው ይታወቃል፤ መንደሩም ወደ ቀድሞ ሰላሙ ይመለሳል።

ይህ አጻጻፍ መልክ የያዘው በእንግሊዝ አገር በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከ1914 እስከ 1918 በተካሄደው ጦርነት ያልተነካ ቤት እምብዛም አልነበረም። በዚያ ጦርነት ጊዜ አጋታ ክሪስቲ የምትባል ወጣት ሴት በተወለደችበት በቶርኪ ከተማ በመጀመሪያ ቁስለኞችን ታስታምም ነበር፤ ኋላም በሆስፒታሉ የመድኃኒት ክፍል ውስጥ ሠርታለች። የትኛው መድኃኒት ሲበዛ መርዝ እንደሚሆን የተማረችው እዚያ ነው። የመጀመሪያ ልቦለዷ በ1920 ሲወጣ ታሪኩ በመርዝ ስለተገደሉ ሴት ነበር። ሚስ ማርፕል የተባሉትን አሮጊት መርማሪ ያስተዋወቀችበት የመጀመሪያው ረጅም ልቦለድ ደግሞ በ1930 ታተመ። ሚስ ማርፕል ሴንት ሜሪ ሚድ በምትባል ምናባዊ መንደር የሚኖሩ፣ ያላገቡ፣ ሹራብ እየሠሩ የሰው ወሬ የሚያዳምጡ ሴት ናቸው። በ12 ረጃጅም ልቦለዶችና በ20 አጫጭር ታሪኮች ውስጥ እናገኛቸዋለን። ፖሊሶቹ "ይህች አሮጊት ምን ታውቃለች?" ብለው ይንቋቸዋል። እርሳቸው ግን ትልቁን ወንጀል የሚፈቱት ትንሹን ነገር በማስታወስ ነው። አንድ ሀብታም ሰው ሲዋሽ፣ ድሮ ሳንቲም እየደበቀ ሲዋሻቸው የነበረውን የመንደራቸውን ልጅ ያስታውሳሉ።

በዚያው በ1930 የእንግሊዝ የወንጀል ልቦለድ ደራሲያን በለንደን ማኅበር አቋቋሙ፤ የመጀመሪያው ሊቀ መንበርም ጂ. ኬ. ቼስተርተን ነበር። አባላቱ ሲገቡ እየቀለዱም ቢሆን መሐላ ይፈጽሙ ነበር። የመሐላው ፍሬ ነገር ከአንባቢው ምንም ወሳኝ ማስረጃ አልደብቅም፣ ነገሩንም በአስማት ወይም በአጋጣሚ አልፈታም የሚል ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1929፣ ሮናልድ ኖክስ የተባለ ቄስና ደራሲ ለእነዚህ ታሪኮች ዐሥር ሕግጋት አውጥቶ ነበር፤ መንፈስና ተአምር መፍትሔ ሆነው እንዳይመጡ ከልክሏል።

እዚህ ላይ የአገራችንን አንድ ነገር እናንሣ። በድሮ ዘመን ዕቃ ሲጠፋ "ሌባ ሻይ" ይጠራ ነበር። "ሻይ" ማለት እዚህ ላይ የሚጠጣው ሳይሆን "ፈላጊ" ማለት ነው። ለአንድ ልጅ አእምሮ የሚያደነዝዝ መጠጥ ይሰጠውና በመንደሩ ውስጥ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ያ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? ምስክር የለ፣ ማስረጃ የለ፤ ደጃፉ ላይ አንድ የሰከረ ልጅ ወድቋል፣ አለቀ። የእንግሊዞቹ ደራሲያን መሐላ ቀልድ ቢመስልም፣ እንዲህ ካለው ፍርድ ጋር ስናስተያየው ቁም ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ማንም ሰው ሊመረምረው በሚችል ማስረጃ ካልሆነ በቀር ማንም ሰው ጥፋተኛ አይባልም ማለት ነውና።

የግላዲስ ነገር

የምንወዳቸው ለምን እንደሆነ በደንብ የገባን ግን አንድም ሰው በማይሞትበት ታሪክ ነው። አጋታ ክሪስቲ በ1942፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ ስለ አንዲት እንከን የሌላት የቤት ሠራተኛ አጭር ታሪክ አሳትማለች። ታሪኩ ብዙ ዘመን ስላለፈው መጨረሻውን ብንነግራችሁ ትቀየሙናላችሁ ብለን አናስብም።

በሚስ ማርፕል መንደር ውስጥ ላቪኒያና ኤሚሊ የሚባሉ ሁለት እኅትማማቾች አንድ ትልቅ ቤት ከተከፋፈሉት ተከራዮች መካከል ይኖራሉ። ኤሚሊ ሕመምተኛ ነኝ እያለች ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ተኝታ ትውላለች። ግላዲስ የምትባል የመንደሩ ልጅ በቤታቸው ተቀጥራ ትሠራለች። አንድ ቀን የላቪኒያ የደረት ጌጥ ይጠፋል፤ ፖሊስ ይጠራ የሚል ወሬ ይነሣል። ከዚያ ጌጡ በመሳቢያ ውስጥ ይገኛል። በማግሥቱ ሳሕን ተሰበረ ተብሎ ግላዲስ ከሥራ ትሰናበታለች። የሳሕኑ ነገር ሰበብ መሆኑን ልጅቷ ዐውቃለች። ፖሊስ ሲባል ፈርታ ጌጡን መለሰችው ብለው እንደጠረጠሯት ገብቷታል፤ ወሬውም በመንደሩ እንደሚዞር ታውቃለች። ለእንደ እርሷ ያለች ልጅ ስም ማለት እንጀራ ነው። አሠሪዋ በመልካም ካልመሰከረችላት ሌላ ማን ይቀጥራታል?

ሚስ ማርፕል ይህን የሚሰሙት ከራሳቸው ሠራተኛ ነው፤ የግላዲስ የአጎት ልጅ ናት። እግራቸውን አንሥተው ሄደው ለልጅቷ ይለምኑላታል። ላቪኒያ አሻፈረኝ ትላለች። ብዙም ሳይቆይ ሜሪ የምትባል አዲስ ሠራተኛ ትመጣለች፤ ሥራዋ ሁሉ ያለ እንከን ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ይቀናል። ከዚያ አንድ ቀን ሜሪ ትሰወራለች፤ ከእርሷም ጋር የቤቱ ነዋሪዎች ውድ ዕቃ ይሰወራል።

መፍትሔው ይኸውላችሁ። ሜሪ የተባለችው ሌላ ማንም ሳትሆን በጨለማው ክፍል ውስጥ ተኝታለች የተባለችው ኤሚሊ ራሷ ናት! ሁለቱ ሴቶች ሌቦች ነበሩ። ሐቀኛዋ ግላዲስ የተባረረችው ለምናባዊዋ ሠራተኛ ቦታ እንድትለቅ ነው። ሚስ ማርፕል ይህን አስቀድመው ጠርጥረው ነበር፤ ግን በጥርጣሬ ብቻ አልተናገሩም። አንድ ቀን ከቤቱ ሲወጡ ቦርሳቸው የተፈታባቸው መስለው ዕቃቸውን በበሩ ላይ ያፈሱታል፤ ከዕቃው መካከል ሕፃን ልጅ የመጠጠው ተለጣፊ ከረሜላና ትንሽ መስተዋት ነበሩ። ሜሪ ለቅማ ትሰጣቸዋለች። በመስተዋቱ ላይ የጣት አሻራዋ ቀረ። ለፖሊሱ ያቀረቡት ይህን ነው።

እኛን የነካን ግን የጣት አሻራው ብልሃት አይደለም። ሚስ ማርፕል የተነሡት ስለ ተሰረቀው ጌጥ አልነበረም። የተነሡት የአንዲት የመንደር ልጅ ስም በከንቱ ሲጠፋ ዝም ማለት ስላልቻሉ ነው። ደግሞም ንጹሕነቷን እርሳቸው ብቻ እንዲያውቁት አልፈለጉም፤ መንደሩ ሁሉ እንዲያውቀው ፈለጉ። ይህችን ነጥብ ያዙልን፤ እንመለስባታለን።

በቤታችን የሆነው

ይህን ታሪክ ስናነብ ያፈርንበት ምክንያት አለ። ከዓመታት በፊት፣ በዒድ ማግሥት፣ ከእናታችን የተረፈ የወርቅ ጉትቻ አንደኛው ጠፋብን። ጥንዱ በመኝታ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ወደዚያ ክፍል የሚገቡት ደግሞ እኛ፣ ልጆቻችንና ከገጠር መጥታ በቤታችን ትሠራ የነበረች አንዲት ልጅ ብቻ ነበርን። በአፋችን "አንቺ ወሰድሽ" አላልናትም። እንዲያውም ይህን ባለማለታችን ራሳችንን እንደ ጨዋ ቆጥረን ነበር። ነገር ግን የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ከበሩ ላይ ነቅለን ኪሳችን ከተትን። ስኳሩን በዓይናችን መለካት ጀመርን። ከገበያ ስትመለስ መልሱን ሁለት ጊዜ ቆጠርን። ለሦስት ጎረቤቶችም "እንዲያው ወርቅ ጠፍቶብን…" ብለን የቀረውን በዝምታ ነገርናቸው።

ልጅቷ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች። "እትዬ፣ ምናልባት ሕፃኑ ይሆናል" አለች። እኛ ይህን ማምለጫ አደረግንባት፤ "በሁለት ዓመት ሕፃን ታሳብባለች" አልን። ሁለት ሳምንት እንደቆየች "እናቴ ታማለች" ብላ ሂሳቧን ተቀብላ ሄደች። መሄዷንም ማስረጃ አደረግነው። "ንጹሕ ብትሆን ለምን ትሄዳለች?" ተባባልን።

በሚቀጥለው ዓመት የጥጡን ፍራሽ ልናስነድፍ ፈታነው። ከውስጡ ሁለት ሳንቲም፣ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የተሰበረ የእርሳስ ጫፍና የእናታችን ጉትቻ ወጡ። የፍራሹ ጠርዝ አንድ ቦታ ላይ ስፌቱ ተተርትሮ ነበር፤ ትንሹ ልጃችንም በዚያ ቀዳዳ ያገኘውን ሁሉ ይከት ነበር። ውድ አንባቢያን፣ ከሁሉ የሚያሳፍረው ይህን እናውቅ እንደነበር ነው። ሳንቲም ሲከት ሁላችንም አይተነው ስቀናል! ማስረጃው ከዓይናችን ፊት ነበር። እንደ ደራሲያኑ መሐላ ምንም አልተደበቀብንም። ያላየነው ማየት የፈለግነውን አስቀድመን ስለመረጥን ነው።

አበው "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ይላሉ። እውነት ነው፤ በዚህች ዓለም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሆኖም ይህ አባባል ስለ ጠርጣሪው ጉዳት ብቻ ይናገራል፤ በከንቱ ስለ ተጠረጠረው ሰው ምንም አይልም። እነዚያ ቀላል መጻሕፍት የሚናገሩት ስለዚያኛው ሰው ነው። ሁሉንም አስተውለህ ተመልከት፣ ሁሉንም ጠይቅ፣ እስክታውቅ ድረስ ግን በማንም ላይ አትፍረድ ነው ነገራቸው።

የሦስቱ ፖም ታሪክ

ማስተዋል ሲጎድል ምን እንደሚመጣ የሚያሳይ ሌላ ታሪክ ከራሳችን ዓለም እንጥቀስ። "አንድ ሺህ አንድ ሌሊት" በሚባለው የዐረቦች የታሪክ ስብስብ ውስጥ ስለ ሦስት ፖም የሚናገር አለ። ብዙ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ከቀደምት የወንጀል ምርመራ ታሪኮች አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል። አንድ ዓሣ አጥማጅ ከጤግሮስ ወንዝ የተቆለፈ ሣጥን ያወጣል፤ ሲከፈት የተገደለች ሴት አስከሬን ተገኘበት። ኸሊፋ ሃሩን አል ረሺድ አማካሪያቸውን ጃዕፈርን ገዳዩን በሦስት ቀን ውስጥ እንዲያመጣ፣ ካላመጣ እርሱ እንደሚሰቀል ያስጠነቅቁታል። ጃዕፈር ግን ምንም አልመረመረም፤ ቤቱ ተቀምጦ ቀኑን ጠበቀ። ገዳዩ ራሱ መጥቶ ባይናዘዝ ኖሮ በከንቱ ይሞት ነበር።

ገዳዩ የሴትዮዋ ባል ነው። ሚስቱ ታማ ፖም አማረኝ ስትለው እስከ በስራ ድረስ ተጉዞ ሦስት ፖም አመጣላት። ኋላ በገበያ አንድ ባሪያ ፖም ይዞ ሲያልፍ አየ፤ ከየት እንዳገኘው ቢጠይቀው "ወዳጄ ሰጠችኝ፤ ባሏ ከሩቅ አገር አምጥቶላት ነው" አለው። ባል ወደ ቤቱ ሮጠ፤ ፖሞቹ ሁለት ሆነው አገኛቸው። ሚስቱም ሦስተኛው የት እንደገባ አላውቅም አለችው። በዚያው ገደላት። ወዲያው ግን ትንሹ ልጁ እያለቀሰ መጣ። ለካስ ፖሙን ከእናቱ ሳያስፈቅድ የወሰደው ልጁ ነበር፤ ያ ባሪያ መንገድ ላይ ነጥቆት ሄዷል።

አያችሁ? እዚህም ሕፃን ልጅ፣ እዚህም የጠፋ ዕቃ፣ እዚህም አንድ ያልተጠየቀ ጥያቄ አለ። ያ ሰው ከመቆጣቱ በፊት "ልጆች፣ ፖሙን ያያችሁ አላችሁ?" ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ታሪኩ እንደ ቀላሎቹ መጻሕፍት በሣቅ ያልቅ ነበር። በሣቅና በሬሳ ሣጥን መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ጥያቄ ብቻ ሆነች።

ከቦትስዋና አንድ ምሳሌ

የዚህ ዓይነት ታሪክ በእንግሊዝ መንደር ብቻ አልቀረም። አሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ የተባለው የሕግ ምሁር በ1998 ባሳተመው ልቦለድ ፕሬሸስ ራሞትስዌ የምትባል የቦትስዋና ሴት አስተዋውቋል። አባቷ የተዉላትን ከብቶች ሸጣ በጋቦሮኔ ከተማ የምርመራ ቢሮ ትከፍታለች። ቀኑን ሙሉ ሻይ እየጠጣች የሰዎችን ጭንቀት ታዳምጣለች። በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ አንዲት ሴት ትመጣለች፤ "አባትሽ ነኝ" የሚል ሰው ቤቷ ገብቶ እየበላ እየጠጣ ተቀምጦባታል። እውነተኛ አባቷ ይሁን አይሁን አታውቅም፤ ማባረርም፣ ማመንም አቃታት። ራሞትስዌ የነርስ ልብስ ለብሳ ሰውየው ዘንድ ትሄድና ልጅህ ከባድ አደጋ ደርሶባታልና ደምህ ያስፈልጋል፣ ብዙ ደም ስለሚወሰድ ግን አንተ ልትሞት ትችላለህ ትለዋለች። ሰውየው ያን ጊዜ አባቷ አለመሆኑን አመነ። ነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ) በሁለቱ እናቶች መካከል የፈረዱትን ፍርድ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ብልሃት እንግዳ አይሆንበትም። ወላጅነት የሚታወቀው በሚከፈለው ዋጋ ነውና።

በዚህ ታሪክ ውስጥም ማንም አልሞተም። ሬሳ ሳይኖርም ታሪኩ መጣፈጡ፣ ሰውን የሚስበው ሞቱ እንዳልሆነ ያሳያል። የሚስበው እውነት ትወጣለች የሚለው ተስፋ ነው። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" እንደሚባለው ማለት ነው። በውጪው ዓለም ስንት ነገር ተድበስብሶ ይቀራል! ከሁለት መቶ ገጽ በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ ጥርት ብሎ ሲወጣ ማየት ለደከመ ሰው ዕረፍት ነው።

ጉድለታቸው

ይህን ስንል መጻሕፍቱ ነውር የለባቸውም ማለታችን አይደለም። እኒያ እናት የጠየቁት ጥያቄ ትክክለኛ ቦታ ላይ ያረፈ ነው። በብዙዎቹ መጻሕፍት ውስጥ ሟቹ ቶሎ ይረሳል። ለቅሶ የለም፣ ቀብር የለም ወይም በአንድ መስመር ያልፋል፤ ሰውየውም አስቀድሞ ክፉ ተደርጎ ስለሚሣል ማንም አያዝንለትም። "መርደር ሺ ሮት" የሚባለው የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ከ1984 እስከ 1996 ድረስ 264 ክፍሎች ታይቷል። ዋናዋ ባለ ታሪክ የምትኖርባት ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ስንት ሰው እንደተገደለባት የቆጠሩ ተመልካቾች "እንዴት ሰው ቀረባት?" እያሉ ይቀልዱ ነበር። ቀልዱ ቀልድ ቢሆንም ሞትን የመልመድ ነገር እንዳለበት ይጠቁማል።

ገጣሚው ደብልዩ ኤች ኦደን ደግሞ በ1948 ባወጣው ድርሰት የእነዚህ ታሪኮች ሱሰኛ መሆኑን ተናዝዟል። እርሱ እንደሚለው አንባቢው የሚረካው በመጨረሻ ጥፋቱ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ወድቆ ሌሎቹ ንጹሕ ሲሆኑ ነው። እኛም ይህን ስናነብ ለራሳችን አንድ ማስጠንቀቂያ ወሰድን። በመጽሐፍ ውስጥ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። በቤታችን ግን ጥፋተኛዎቹ እኛው ነበርን፤ ያንን የሚነግረን መርማሪም አልመጣም።

ለእኒያ እናት የመለስነው

ስለዚህ ለእኒያ እናት ያልናቸው የሚከተለውን ነው። መጽሐፉን አይንጠቋት። ይልቁንም አብረዋት ይቀመጡ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ከመክፈቷ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቋት። አንደኛ፣ ማንን ትጠረጥሪያለሽ፣ ማስረጃሽስ ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ በከንቱ የተጠረጠረው ማን ነው፣ ነገሩ ሲያልቅስ ማን ይቅርታ ጠየቀው? ሦስተኛ፣ ለሞተው ሰው ያለቀሰለት አለ? መጽሐፉ ጥሩ ከሆነ ሦስቱንም ይመልሳል። ካልመለሰ ደግሞ ልጅቷ ጉድለቱን ራሷ ታየዋለች፤ ይህ ከመከልከል የበለጠ ትምህርት ነው። ሣቋን አይፍሩት። የምትስቀው በሬሳው ላይ ሳይሆን በአሮጊቷ ብልጠትና በፖሊሱ መደናገር መሆኑን ካነጋገሯት ይረዱታል።

በቤትም ውስጥ ዕቃ ሲጠፋ ይህንኑ ሥርዓት እንያዝ። በመጀመሪያ እንፈልግ፤ ፍራሹን እናንሣ፣ ሕፃናቱን እንጠይቅ፣ ራሳችን የት እንዳስቀመጥነው እናስታውስ። ሳናውቅ ለጎረቤት አንናገር። በተለይ በቤታችን ውስጥ የሚከራከርላት ዘመድ የሌላት ልጅ ካለች፣ የእርሷን ቃል ከሌላው ሰው ቃል እኩል እንስማው። "ምናልባት ሕፃኑ ይሆናል" ብላ ነበርና።

አሁን ወደ ያዛችሁልን ነጥብ እንመለስ። ጉትቻው በተገኘ ጊዜ እኛ ብቻችንን አዝነን፣ በልባችን ነፃ አውጥተናት ተቀምጠን ነበር። የግላዲስን ታሪክ ስናነብ ነው ይህ እንደማይበቃ የገባን። ልጅቷን ያመጣችልንን ሴት ፈልገን አገኘን። ልጅቷ ወደ ዐረብ አገር ለሥራ እንደሄደች ነገረችን። ለእናቷ መልእክት ላክን፤ ጉትቻው ከፍራሽ ውስጥ መገኘቱን፣ ጥፋቱ የእኛ መሆኑን አስረዳን። የመጣልን መልስ አጭር ነበር፦ "ልጄ እንደማትሰርቅ እኔ ዐውቃለሁ። ለእኔ አትንገሩኝ፤ ላወራችሁላቸው ሰዎች ንገሩ።"

እኛም ወደ ሦስቱ ጎረቤቶቻችን ሄድን። ለሁለቱ ነገርናቸው፤ አዘኑ። ሦስተኛዋ ግን ነገሩን ለሌሎች ሁለት ቤቶች አውርታ ነበር፤ ከነርሱ አንደኛው ሰፈር ለቋል። የት እንደገባ እስካሁን እያፈላለግን ነው።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ወሰላሙ ዐለይኩም።